ተለቅሞ የተሠራ ፊልም

ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር። ሲዲም፣ ዲቪዲም፣ ብሉ ሬይም በዚህ አንድ ናቸው፤ ሦስቱን ደራርቦ በጣት ቢዳስሷቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የሚለያዩት መረጃው በተቀበረበት ጥልቀት ነው። ሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከላይ፣ ጽሑፍ ከታተመበት ገጽ ሥር ነው። ስለዚህ ሲዲን የሚገድለው በሚያብለጨልጨው ጎኑ ያለ ጭረት ብቻ አይደለም፤ ስሙ የተጻፈበት ጎን ሲፋቅ ይብሳል። ዲቪዲ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ገበታዎች ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ መረጃው መሐል ለመሐል ተይዟል። ብሉ ሬይ ግን መረጃውን ከሚነበበው ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ አድርጎ ይይዛል። ከላዩ ጠንካራ ቅብ ባይደረብበት ኖሮ ለማበላሸት የሸሚዝ እጅጌ በበቃ ነበር።

ይህን ያህል ወደ ገጹ የተጠጋው በምክንያት ነው። ዲቪዲን የሚያነበው ብርሃን ቀይ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 650 ናኖ ሜትር። የብሉ ሬይ ብርሃን ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ ሲሆን ሞገዱ 405 ናኖ ሜትር ነው። ሞገዱ ሲያጥር የብርሃኑ ጫፍ ይሾላል። ጫፉ ሲሾል መረጃው የተጻፈባቸው መስመሮች ይቀራረባሉ። በሲዲ ላይ በሁለት መስመሮች መካከል 1.6 ማይክሮ ሜትር አለ፣ በዲቪዲ 0.74፣ በብሉ ሬይ 0.32። በዚህ መጠጋጋት የተነሳ 700 ሜጋ ባይት ይይዝ የነበረው ስፋት በአንድ ንጣፍ ብቻ 25 ጊጋ ባይት ያዘ። የሾለ ብርሃን ደግሞ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ሲያልፍ ቶሎ ይዛባል። ንጣፉን ወደ ገጹ ማስጠጋት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሦስቱንም ዲስክ የሚያጸዳ ሰው ከመሐል ወደ ዳር ቢጠርግ ይሻለዋል፤ ዙሪያውን ከጠረገ ግን ጭረቱ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይሄድና ማንበቢያው እርማት የሚያደርግበት ነገር ያጣል።

በእጄ የያዝኩት የብሉ ሬይ ሣጥን የእንግሊዙ የአሮው ቪዲዮ እትም ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያዋሰኝ ነው። አሮው የአስፈሪና የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞችን ለቤት እይታ በማሳተም የሚታወቅ ድርጅት ነው። ሲኒማ ቤት ጥቂት ሳምንት ታይተው የተረሱትን ይሰበስባል፣ ምስሉን ያጸዳል፣ ማብራሪያ ያክልበታል። የሣጥኑ ሥራም የራሱ ሙያ አለው። ፕላስቲኩ ቀለም የለውም፤ ግልጽ ነው። እንዲህ የሆነው የሽፋኑ ወረቀት በሁለቱም ፊት ስለሚታተም ነው፤ ባለቤቱ የፈለገውን ሥዕል ወደ ውጭ አዙሮ ያስገባል፣ የቀረው ደግሞ ሣጥኑ ሲከፈት ከውስጥ ይታያል። በሰማያዊ ፕላስቲክ ቢሆን የውስጡ ሥዕል በጠፋ ነበር። ዲስኮቹ የሚሸጡባቸው አገሮች «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» ተብለው ተከፍለዋል። ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ጋር «ቢ» ውስጥ ናት፤ ለእንግሊዝ ገበያ የታተመ ዲስክ እዚህ በተገዛ ማጫወቻም ይከፈታል።

ይህ ሣጥን የሚገርመኝ ግን በውስጡ ባለው ነው። ሁለት ረጃጅም የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች አሉበት። የሁለቱም ዳይሬክተር ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። የሁለቱም መሪ ተዋናይ ኢትዮጵያዊው ዳንኤል ታደሰ ነው። የመጀመሪያው «ክረምብስ» ይባላል፤ ፍርፋሪ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ታየ። የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ የሚነገርበትም ቋንቋ አማርኛ ነው። ርዝመቱ 68 ደቂቃ።

68 ደቂቃ የሚለው ቁጥር ቪዲዮ ቤት ላደገ ሰው የሚነግረው ነገር አለ። ቪሲዲ የሚባለው ዲስክ 74 ደቂቃ ነበር የሚይዘው፤ ሲበዛ 80። ስለዚህ ፊልም ሁሉ በሁለት ዲስክ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያው ሲያልቅ ባለቤቱ ተነስቶ ሁለተኛውን እስኪያስገባ ድረስ ጨለማ ውስጥ ፉጨትና ጩኸት ይሰማል። አስፈሪ ፊልም ከሆነ በተለይ፣ ፍርሃቱ ከግማሽ ላይ ተቆርጦ ሌላ ነገር ይሆናል። «ክረምብስ» በአንድ ቪሲዲ ገብቶ ስድስት ደቂቃ ይተርፈዋል። ማንም ዲስክ ለመቀየር አይነሳም።

አሁን በግንደወይን ዲስክ የሚያገላብጥ ሰው ብዙ የለም። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የጎንቻ ሲሶ እነሴ ከተማ እንደ ሌሎቹ የጎጃም ከተሞች ፊልሟን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ታገኛለች። ዘፈን የሚጭን ሱቅ ፊልምም ይጭናል። አንድ ኮምፒውተር፣ ከጎኑ የሃርድ ዲስክ ቁልል፣ ከፊቱ አግዳሚ ወንበር። የፊልሞቹ ፎልደር በዓይነት ተከፍሏል፤ አክሽን፣ ህንድ፣ ኮሪያ፣ ሆረር። ልጁ ፍላሹን ያቀብላል። «ወንድምዓለም፣ ሆረር ሙላልኝ።» ባለሱቁ ከማያው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ይመልሳል፤ «ትርጉም ይሁን ወይስ እንዳለ?» ትርጉም ማለት አንድ ሰው በአማርኛ ከላይ የሚናገርበት ነው። ብዙው ሰው ትርጉም ይላል። ልጁ ስንት ፊልም እንደሚገባ ይጠይቃል እንጂ ስለ ጥራቱ አይጠይቅም።

ጥራት ምን እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። የቪሲዲ ምስል በ352 በ288 ነጥብ የተሠራ ነው፤ ሲባዛ 101,376። የብሉ ሬይ 1,920 በ1,080 ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን ይበልጣል። ልዩነቱ ከ20 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ይህ ልዩነት በሁሉም ፊልም ላይ እኩል አይጎዳም። የሚሮጥ መኪናና የሚተኩስ ሰው በ100 ሺህ ነጥብም ይታያል። ጨለማ፣ ጭጋግ፣ ጨውና አቧራ ግን አይችሉትም። ምስሉን የሚጨምቀው ፕሮግራም ቦታ ለመቆጠብ ማያውን በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፍለዋል፤ በአንዱ ማዕዘን ውስጥ ያለው ቀለም ቢቀራረብ አንድ ያደርገዋል። ስለዚህ ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጥላ ደረጃ ደረጃ ያለው ግድግዳ ይሆናል። አስፈሪ ፊልም የሚኖረው ደግሞ በዚያ ጥላ ውስጥ ነው።

«ክረምብስ» የሚከፈተው ዳሎል ላይ ነው። ደናኪል ውስጥ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ መሬት። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 እዚያ የተለካው የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። መሬቱ ነጭ የሆነበት ቦታ ጨው ነው። ቢጫው ድኝ ነው። ቡናማውና ቀዩ አየር የነካው ብረት ነው። አረንጓዴው ውኃ አሲድ ነው። በአንድ ወቅት ፖታሽ ይወጣበት የነበረ የማዕድን ማውጫ አለ፤ ሠራተኞቹ የኖሩባቸው ቤቶች ከጨው ጡብ የተሠሩ ነበሩ። ማውጫው ሲዘጋ የማሽኑ ብረትም የቤቱ ጨውም እዚያው ቀረ። ብረቱ ዛገ። የጨው ግድግዳ ግን ዝናብ እምብዛም በማይጥልበት አገር አይሟሟም።

ዓለም ካለቀች በኋላ ያለውን ዘመን የሚያሳዩ ፊልሞች አብዛኛውን ገንዘባቸውን የሚያወጡት ፍርስራሽ ለመሥራት ነው። አናጢ ግድግዳ ያቆማል፣ ቀለም ቀቢ ዝገት ይቀባል፣ ኮምፒውተር የቀረውን ይሞላል። ያንሶ ግድግዳ አላቆመም። ሄዶ ያለውን አገኘ። የዚህ አሠራር ዘር ሐረግ አለው። ክሪስ ማርኬር እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው «ላ ዤቴ» ከ3ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለችውን ፓሪስ የሚያሳየው በፎቶግራፍ ነው፤ በ28 ደቂቃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ምስል ያለው አንዲት ሴት ዓይኗን ስትገልጥ ብቻ ነው። አንድሬ ታርኮቭስኪ በ1979 የወጣውን «ስቶከር» ሲሠራ ከታሊን አጠገብ የተተዉ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን ተጠቀመ። በእነዚህ ፊልሞች የባለሙያው ችሎታ የሚታየው በመምረጥ ነው። የትኛው ግድግዳ፣ ከየት ወገን፣ በስንት ሰዓት ብርሃን፣ ሰውየው ምን ያህል ርቆ።

ርቀቱን ልብ በሉት። የዳሎል ትዕይንት ውስጥ ዳንኤል ታደሰ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሆኖ ነው የሚታየው። መሬቱ ማያውን ይሞላዋል፤ ሰውየው ከዚያ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነው። በ352 ነጥብ ወርድ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ፊትም እጅም አይኖረውም። በዲስኩ ላይ ግን አካሄዱ ይለያል። ሰውየው መሬቱን እየፈራ አይሄድም፤ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው አረማመድ ነው። ጎንበስ ብሎ ያነሳል። ያነሳው የፕላስቲክ የገና ዛፍ ነው፤ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ። በዙሪያው ሕይወት ያለው ተክል የለም። በዚያ ሁሉ ቢጫና ነጭ መካከል አረንጓዴ የሆነው ደረቅ ነገር ይህ ብቻ ነው፤ እሱም የፋብሪካ ነው። ታሪኩ ምን እንደሆነ ማንም ሳይናገር ተነገረ።

ሴራው አጭር ነው። ጦርነት አልፏል፣ ሰው አንሷል። ሰማይ ላይ አንድ የጠፈር መርከብ ለዓመታት ቆሞ ዝጓል። አንድ ቀን የመንቀሳቀስ ምልክት ያሳያል። ዳንኤል የሚጫወተው ዕቃ ለቃሚ የዚህ ምድር ሰው እንዳልሆነ ያምናል፤ መርከቡ ላይ ተሳፍሮ ወደ አገሩ መመለስ ይፈልጋል። ሰላም ተስፋዬ የምትጫወታት ወዳጁ አብራው የምትኖረው በተተወ የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ነው። እሱ መንገድ ይጀምራል። የገና አባትን ማግኘት አለበት። ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም።

የፊልሙ ልብ ያለው አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ለቃሚው ያገኘውን ይዞ ይመጣል። ባለሱቁ ይቀበለውና ይመረምረዋል። ዕቃዎቹ እኛ የምናውቃቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የማይክል ጃክሰን «ዴንጀረስ» ሸክላ። የኒንጃ ኤሊ አሻንጉሊት። የፕላስቲክ ሰይፍ። ባለሱቁ አይስቅም፣ አይቸኩልም። ዕቃው በየትኛው ዘመን እንደተሠራ፣ ማን ይዞት እንደነበረ፣ ለምን ይጠቀሙበት እንደነበረ ይናገራል። ለልጅ መጫወቻ የተሠራው በእሱ አንደበት ጦረኛ አንገቱ ላይ የሚያስረው ክታብ ይሆናል። የሚናገረው ሁሉ ስህተት ነው። የሚናገርበት መንገድ ግን የአዋቂ ነው። ቃሉ የተመረጠ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ። ቀልዱ የተሠራው በዚህ ልዩነት ነው፤ ዕቃው ቀላል፣ ንግግሩ ከባድ። ከሁለቱ አንዱ ትንሽ ቢዛነፍ፣ ባለሱቁ አንዴ ፈገግ ቢል፣ ሁሉም በፈረሰ ነበር።

ጎጃሜ ተመልካች ይህን ሱቅ ከሌሎች ቀድሞ ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ። የአያቶቻችን አያቶች አሞሌ ይዘው ገበያ ይወጡ ነበር። አሞሌ የተቆረጠው ከዚያው ከደናኪል ቆላ ነው። አፋሮች ከመሬት ይቆርጡታል፣ በግመል ወደ ደጋ ይወጣል፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ አገር ላገር ይዞራል። የጨው ገንዘብ ነበር። ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ሲደርስ ከትግራይ ይልቅ ውድ ነበር። እንዳይሰበር በልጥ ይጠፈራል። የተሰበረ ወይም እርጥበት የበላው አሞሌ ሙሉ ዋጋ አያወጣም። ስለዚህ ሻጩ ሲቀበል አገላብጦ ያያል፣ ጠርዙን ይዳስሳል፣ ከዚያ ይስማማል። ያ ሰው ሞኝ አልነበረም። ጨው ያለበት አገር ሰው ግን ሲያየው ሳይስቅ አይቀርም። የአንድ ዕቃ ዋጋ ከሠሪው ይልቅ በተጓዘው መንገድ ላይ የሚወሰን መሆኑን «ክረምብስ» የሚያሳየው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ አሞሌ ከሚቆረጥበት ምድር ተነስቶ ነው።

ቤት ውስጥ ማየት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ዕቃው ያልፋል። ቤት ውስጥ ማቆሚያውን ተጭኖ ባለሱቁ እንደሚያደርገው ማድረግ ይቻላል፤ ማገላበጥ። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል ቢታሰብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 97,920 ምስል ነው። ከእነዚህ ውስጥ በዘፈቀደ አንዱ ላይ ማቆም ነው። የተሠራ ፍርስራሽ ሲቆም ይጋለጣል፤ ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው፣ ዝገቱ እኩል ተቀብቷል። የተገኘ ፍርስራሽ ሲቆም ይበልጥ ይከፈታል። ዝገቱ ውኃ ከሚወርድበት ወገን ይወፍራል። ቀለሙ እጅ በሚነካው ቁመት ላይ ይሳሳል። ይህን የሠራው ጊዜ ነው። ዳይሬክተሩ አይቶ አልነካውም፤ አለመንካትም ሙያ ነው።

የቦውሊንግ አዳራሹ የፊልሙ አስፈሪ ክፍል ነው። በአዳራሹ መጨረሻ ላይ ኳስ የሚመልስ መሣሪያ አለ። መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ኳሱ ተወርውሮ መጨረሻ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ከወለሉ ሥር በተዘረጋ መስመር ላይ ተንከባሎ ይመለሳል፤ ሲደርስ ማንሻ ወደ ላይ ይገፋዋል። ተጫዋቹ የሚያየው ከወለል በታች ካለ ቀዳዳ ከባድ ነገር ብቅ ሲል ነው። አዳራሹ ሰው በሚበዛበት ዘመን ይህ ማንንም አያስፈራም። ኤሌክትሪክ የለም በሚባልበት፣ ተጫዋች በሌለበት አዳራሽ ውስጥ መሣሪያው በራሱ ሲነሳ ግን ያው ቀዳዳ አፍ ይሆናል። ምንም አልተጨመረበትም። ጭምብል የለም፣ ደም የለም። የመሣሪያው የዕለት ሥራ ያለ ምክንያት መፈጸሙ ብቻ ነው። ፍርሃቱን ሰላም ተስፋዬ ትሸከመዋለች፤ የምትሸከመውም በማድመጥ ነው። ተመልካቹ መሣሪያውን ከማየቱ በፊት እሷ ስትሰማ ያያል።

በዚያው ቦታ ጸሎት አለ። ሴቲቱ የምትጸልየው በማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ነው። በፊልሙ የሚጠሩት ቅዱሳን እንደ ነገሥታት ቁጥር አላቸው፤ ጀስቲን ቢበር 6ኛ ይባላል። ምእመኑ በማይቀልድበት ሥፍራ የተደረገ ቀልድ ነው። ሰላም አንድም ጊዜ ለካሜራው አትጠቅስም። በአማርኛ ፊልሞች የፍቅር ገጸ ባሕርይ ሆና የምናውቃት ተዋናይ ያንኑ ለስላሳ ድምፅ ወደዚህ አምጥታዋለች፤ ለማይገባ ነገር የሚገባ ክብር ትሰጠዋለች። አንገቷን የምትደፋበት መጠን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ያደገ ሰው የሚደፋበት ነው። ይህን ልምምድ አያስተምረውም።

መርከቡ ላይ ያለው ቁጥብነትም ሊታይ ይገባዋል። የጠፈር መርከብ ያለው ፊልም መርከቡን ለማሳየት ይቸኩላል። ይኼኛው ብዙውን ጊዜ ሰማይ ላይ ትቶት ይሄዳል። ሰዎች ከሥሩ ያልፋሉ፣ ያወራሉ፣ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ለዓመታት የቆመ ነገር እንዲህ ነው። ተመልካቹ መጠኑን የሚረዳው ከተራራው ጋር አስተያይቶ ነው፤ ቁጥር አይነገረውም። ድምፁም እንዲሁ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ለሚያይ ሰው ነፋሱ ከንግግሩ ያልተናነሰ ቦታ አለው። በቪዲዮ ቤት ድምፅ ማጉያ ይህ ሁሉ ይጠፋል። በትርጉም ቢጫንም ይጠፋል፤ ግን ለአማርኛ ተመልካች ይህ ፊልም ትርጉም አይፈልግም።

ሁለተኛው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። ርዕሱ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው መንገዱን ያሳይሃል» ይላል። ዘመኑ 2035 ነው። ዳንኤል ታደሰ የሲአይኤ ሰላይ ሆኗል። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር አንድ ቫይረስ ያጠቃል፤ ስሙ ሶቪየት ኅብረት ነው፣ መልኩ ስታሊን። ሰላዩ ቫይረሱን ለመያዝ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። በኢስቶኒያም በኢትዮጵያም ተቀርጿል።

ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ዓለም እንዴት ይታያል? ሌላው በኮምፒውተር ይሠራዋል። ያንሶ በወረቀት ሠራው። ሰላዮቹ እዚያ ሲገቡ ፊታቸው ላይ የታዋቂ ሰው ፎቶ ያለበት የወረቀት ጭምብል አለ፤ አንዱ ሪቻርድ ፕራየርን፣ ሌላው ሮበርት ሬድፎርድን ለብሷል። እንቅስቃሴያቸውም የተቆራረጠ ነው። ይህ የሚሠራው ተዋናዩን አንድ አቋም አስይዞ አንድ ፎቶ በማንሳት፣ ጥቂት አንቀሳቅሶ ሌላ በማንሳት ነው። ለአንድ ሰከንድ 12 አቋም ቢያስፈልግ ለአንድ ደቂቃ 720 ነው። አሻንጉሊት በተቀመጠበት ይቆማል፤ ሰው ግን ይተነፍሳል፣ ይደክመዋል፣ ጥላው ከፀሐዩ ጋር ይሸሻል። ስለዚህ በምስሉ ላይ ልብሱ ይንቀጠቀጣል፣ የወረቀቱ ጠርዝ ይርገበገባል፣ ከጭምብሉ ጀርባ የእውነተኛው ጆሮ ይታያል። ይህን ሊደብቁት ይችሉ ነበር፤ አልደበቁትም። ዓለሙ የተሰፋበት ክር እንዲታይ የተሠራ ነው። ንግግሩም በኋላ የተቀዳ ነው፤ ከንፈሩና ድምፁ ሆን ተብሎ በጥቂቱ ይለያያሉ። በትርጉም ፊልም ያደገ ጆሮ ይህን ክፍተት ያውቀዋል።

በዚህ መስክ ሌላም አለ። አንዲ ሲጌ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ቤቲ እና አማረ» ዘመኑ 1936 ነው፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን እየወረረ ነው። ሕይወት አስረስ የምትጫወታት ልጅ ከወታደሮቹ ሸሽታ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ፓስካል ዳውሰን የሚጫወተው አማረ የዚህ ዓለም ሰው አይደለም። ደም የሚጠጣ ፍጡርና ከሰማይ የወረደ እንግዳ በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተዋል፤ አስፈሪውና የሳይንስ ልብ ወለዱ በአንድ ተሰፍተዋል። ፊልሙ የሚለካው በሚያስፈራው ነገር አመራረጥ ነው። የሚያስፈራው ፍጡሩ አይደለም፣ እየቀረበ ያለው ሠራዊት ነው። ይህ ሚዛን በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ነው፤ ጭራቅ ለመሥራት ገንዘብ ሲያጣ ፍርሃቱን ከታሪክ ያመጣል።

እነዚህ ፊልሞች አንድ ነገር ያስተምራሉ፤ የተገኘ ዕቃ በትክክለኛው ቦታ ከተቀመጠ የተሠራ ዕቃ አያስፈልግም። ይህ ማለት ሥራው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ዳሎል ድረስ መሄድ አለ። ከዚያ ሁሉ ዝገት የትኛው ማያው ላይ ክብደት እንዳለው ማወቅ አለ። ባለሱቁ እንዳይስቅ፣ ሴቲቱ እንዳትጠቅስ፣ መርከቡ እንዳይቸኩል መጠበቅ አለ። ግንደወይን ውስጥ በስልኩ ፊልም መቅረጽ የጀመረ ወጣት ቢኖር ከሆሊውድ ይልቅ እዚህ ነው ቢማር የምለው። አጠገቡ የቆመ ወፍጮ ቤት አለ፣ የተጣለ የመኪና አካል አለ፣ መብራት ሲጠፋ ሙሉ ጨለማ የሚሆን መንገድ አለ። የሚጎድለው የትኛውን፣ ከየት፣ ምን ያህል ርቆ የሚለው ነው።

ሣጥኑን ያገኘ ሰው ግን እንዴት ይየው? መጀመሪያ ሳያቆም ይየው፤ ለአንድ ጊዜ የተሠራ ርዝመት ነውና። ሁለተኛ ጊዜ እጆችን ብቻ ይከተል፤ ለቃሚው ሲያነሳ፣ ባለሱቁ ሲቀበል፣ ሴቲቱ ስትጸልይ። መብራቱን ያጥፋ፣ ጆሮ ማዳመጫ ያድርግ። በፍላሽ ያገኘውም ቢሆን ከማስጫኑ በፊት የፋይሉን መጠን ይጠይቅ፤ ከጥቂት መቶ ሜጋ ባይት በታች ከሆነ የዳሎል ቢጫ አንድ ሰሌዳ ሆኖ ነው የሚመጣለት። ሁለቴ ማየት ጊዜ ይወስዳል የሚል ካለ ሒሳቡ ይኸው፤ ሁለት ጊዜ 68 ደቂቃ 136 ነው። ከአንድ የህንድ ፊልም ያንሳል።